መጋረጃው ጥግ ላይ ያለው ልጅ

የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲቃረብ "ሌላስ?" ይሉኛል። እኔም በየዓመቱ "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ውሸት ነው። ሌላ አለ። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በጾም ቀን ሳላውቅ የበላሁትን ቅቤ ያለበት ብስኩት ሳይቀር ዘርዝሬላቸው ያንን አንዱን እዘለዋለሁ። ብስኩት! እስቲ አሁን በናንተ ሞት፣ እግዜር የሚጠይቀኝ ስለ ብስኩት ነው?

እንግዲህ ለባሌም፣ ለአባም፣ ለማንም ያላወጣሁትን ለናንተ ላውጣው። እኔ የሰው ጸሎት ሰርቄአለሁ። አንዲት እናት በእጇ ሠርታ የሰጠችኝን ነገር ወስጄ፣ በምትኩ የለመነችኝን አንድ ስም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳላስጠራ የራሴን ስም አስጠራሁ። በቃ ይሄው ነው። ሲነገር እንዲህ አጭር ነው። ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ አይገባኝም። ይገባኛል እንጂ! ምን ያልገባኝ ነገር አለ።

ለአባ ለምን አልነገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ያንን ስም ከአፌ ተቀብለው የጸለዩት እሳቸው ናቸዋ! ምን ልበላቸው? "አባ፣ ያን ቀን የጸለዩበት ስም ተሳስቷል፣ ይታረምልኝ" ልበላቸው?

ሴትዮዋ ቶማሳ ትባላለች፣ የጓቲማላ ሰው፣ ካቶሊክ ናት። ያኔ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ሬድ ላይን የሚሉትን ባቡር ይዤ መሀል ከተማ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ቢጫው ባቡር፣ ከዚያ ባስ። ስደርስ ደክሞኛል፣ ሺፍቱ ገና ሊጀመር ነው። ቶማሳ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ በሌላው ጫፍ፤ ወደ መሀል ተራምደን ጫፍ ለጫፍ እናገናኝና ፎልድ እናደርገዋለን። እንደገና እንራራቃለን፣ እንደገና እንገናኛለን። ቀኑን ሙሉ ስንገናኝ ስንለያይ የምንውል ሁለት ሴቶች ነበርን።

የኔ እንግሊዝኛ ስብርባሪ፣ የሷ ከኔ የባሰ። ግን ስለ ልጅ ለማውራት ምን ቋንቋ ያስፈልጋል? እጇን ከወለሉ ከፍ አድርጋ የልጇን ቁመት ታሳየኛለች። "ማቴዎ" ትላለች። ከእናቷ ዘንድ ትታው ስትመጣ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ቁመቱንም የምታውቀው በስልክ ሲነግሯት ነው። እኔ ደግሞ የልጄን የቤቲን ቁመት አሳያታለሁ። ማቴዎ ማለት ማቴዎስ ማለት እንደሆነ የገባኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ራሴን የምከስበት ነገር ነው።

አሁን ወደ ስለቴ ልምጣ። ባሌ ጌታሁን ወረቀቱ ተጓቶበት አዲስ አበባ ቀርቶ ነበር። እኔ የስልክ ካርድ እየፋቅኩ፣ እሱ "ቆይ ሊሆን ነው" እያለ ዓመታት ነጎዱ። በመጨረሻ ምርር ሲለኝ "እመቤቴ፣ ይህን ሰው አምጪልኝና ለሥዕልሽ መጋረጃ አገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ። መጣ። መጣና ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሪሞቱን ያዘ፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም። ቢሆንም ስለት ስለት ነው።

ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም። የሌሎችን አዳራሽ ለእሁድ ጠዋት ተከራይተን፣ ሥዕሉንና መጋረጃውን በሻንጣ አምጥተን እንሰቅላለን፣ ከቅዳሴ በኋላ አውርደን ይዘን እንሄዳለን። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ እትዬ ዘነበች ነበሩ። እትዬ ዘነበች የማን ስለት እንደደረሰና ማን እንዳላገባ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ጌታሁን ከአውሮፕላን በወረደ በሁለተኛው እሁድ ያዙኝ። "ባልሽ ገባልሽ አይደል? እንኳን ደስ ያለሽ። መጋረጃውስ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየእሁዱ ነው። እገሊት ከሽሮ ሜዳ አስመጣች፣ እገሊት በወርቅ ክር አሠራች፣ የእገሊት ጥለት ይህን ያህል ስፋት አለው። የስለት ነገር መሆኑ ቀርቶ ውድድር ሆነ። አልጠላሁትም፤ እኔም ውድድሩ ውስጥ ገባሁ።

በዚያው ሰሞን ቶማሳ ቤቷ ጠራችኝ። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ቤቲን ይዣት ሄድኩ። ቤቲ በትምህርት ቤት ከጓደኞቿ ስፓኒሽ ለቅማ እንደ በቀቀን ትለፈልፈው ነበር። በሩን ከፍተን ስንገባ የሰው ቤት ሳይሆን የክር ቤት ነው። የመሸመኛው አንድ ጫፍ ከማሞቂያው ቧንቧ ላይ ታስሯል፣ ሌላው ጫፍ በሰፊ ጠፍር ከቶማሳ ወገብ ጋር። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ድሩ እንዲወጠር ስትፈልግ ወደ ኋላ ዘንበል ትላለች፣ እንዲላላ ስትፈልግ ወደ ፊት። እንደኛ አገር ሸማኔ ጉድጓድ የለ፣ የእግር መርገጫ የለ። ድሩን በጣቷ እያነሳች ቀዩንና ሰማያዊውን ክር ስትሰካበት ወፍ ይወጣል፣ ተራራ ይወጣል። የአገሯ ሴቶች ሸሚዛቸውን እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ የየከተማውም ሴት በጥለቷ ትታወቃለች አለች በቤቲ አፍ።

ሴት ስትሸምን በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ሸማኔው ወንድ ነው። ሸማኔ ስንል ደግሞ አፋችንን እንዴት እንደምናጣምም ታውቁታላችሁ። ልብሱን ለብሰን ሠሪውን መናቅ የለመድን ሰዎች ነን። እኔም እዚያ በር ላይ ቆሜ ያሰብኩት "እንዴት ጎበዝ ናት" ብዬ አልነበረም። "መጋረጃዬ ተገኘ" ነበር ያልኩት።

በቤቲ በኩል ጠየቅኳት። ለእግዚአብሔር ቤት መሆኑን ስትሰማ ክፍያ የሚባለውን ነገር በእጇ ገፋችው። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። እናቷ በቅርቡ ሞታ ልጁ ከአጎቱ ጋር መንገድ ጀምሯል፤ በእግርም፣ በመኪናም፣ እግዜር በሚያውቀው ወደዚህ እየመጣ ነው። መጋረጃው በሚሰቀልበት ቀን ቄሱ ስሙን ይጥሩልኝ አለች። "መንገድ ላይ ነው። ማቴዎ ይበሉልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።" ቤቲ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ።

እኔስ ምን አልኩ? አማተብኩ። ማንም ሳያስገድደኝ "እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አስጠራለሁ" ብዬ ማልኩ። ቤቲ መሐላዬን በስፓኒሽ መለሰችላት። በገዛ ልጄ አፍ ነው የማልኩት፣ ይህንንም ልብ በሉልኝ።

ቶማሳ በዕረፍት ቀኖቿ ሁሉ ያንን ሠራች። እኔ ደግሞ እየሄድኩ ነዘነዝኳት። ወፎቹን ሳይ "ወፍ የለም። መስቀል" አልኳት፤ ፈታችው። ሰማያዊው በዝቷል አልኳት፤ ፈታችው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርጊልኝ አልኳት፤ ያን ሁሉ የጣት ሥራ ያለ አንዲት ቃል ፈትታ እንደገና ጀመረች። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ያኔ አልጠየቅኩም ነበር። አሁን ሳስበው የሽሮ ሜዳ እንዲመስልልኝ ነው። ገና ሳልዋሽ ለውሸቱ ቦታ እያዘጋጀሁ ነበር ማለት ነው። አቤት ሰው መሆን!

አንዲት ነገር ብቻ እምቢ አለችኝ። ሁለቱን ቁራጭ ጨርቅ መሀል ለመሀል ሰፍታ ስታሳየኝ ታችኛው ጥግ ላይ ሁለት ትናንሽ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ሴት የልጅ እጅ ይዛለች፣ ከልጁ ራስ በላይ አንዲት ወፍ አለች። "ይሄ ምንድነው?" አልኩ በጣቴ። ጣቷን ሴትዮዋ ላይ አድርጋ ወደ ራሷ አሳየች። ልጁ ላይ አድርጋ "ማቴዎ" አለች። ይፈታ ብዬ ምልክት ሳሳያት ጨርቁን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። ተውኩት፣ ጥግ ነው ማን ያየዋል ብዬ።

እሁዱ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ስለት ሲነገር መጋረጃውን ዘረጋሁት። ሴቶቹ ተንጫጩ። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አውርደው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩት። "እንዴት ያለ እጅ ነው ባካችሁ! ሽሮ ሜዳ እንዲህ አይሠራም። የት ነው ያሠራሽው?" አሉኝ።

"አክስቴ ናት" አልኩ። "ደብረ ማርቆስ። ሆን ብላ አሠርታ ላከችልኝ።"

ደብረ ማርቆስ አክስት የለኝም። ደብረ ማርቆስን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ለብዙ ጊዜ ሲጠብቅ የኖረ ነገር ይመስል ነበር። እትዬ ዘነበች "ብያለሁ እኮ፣ የጎጃም እጅ!" ብለው አጨበጨቡ። አባ ደግሞ ጥጉን አዩት። "እመቤታችን ከልጇ ጋር ናት። ርግቧም መንፈስ ቅዱስ" ብለው ያችን ጥግ ሳሙ። ከሳቸው ቀጥሎ እትዬ ዘነበች፣ ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ተራ በተራ ተሳለመው። እኔ ቆሜ አያለሁ። የቶማሳን ልጅ ሲስሙት አያለሁ።

ከዚያ አባ ወደኔ ዞሩ። "ስመ ክርስትናሽ ማነው ልጄ?"

"ወለተ ሐና" አልኩ።

እልልታው ቀለጠ። በስሜ ተጸለየ። ወለተ ሐና፣ ወለተ ሐና።

እስቲ ንገሩኝ፣ "ወለተ ሐናና ማቴዎስ" ማለት ምን ከበደኝ? ሁለት ስም ቢጠራ ሰማይ ይጠብበት ነበር? አባ በየእሁዱ የታመመውን፣ የታሰረውን፣ መንገደኛውን እየጠሩ አፋቸው ይደርቅ የለ? ማቴዎስ የሚባል ደግሞ ስንት ሐበሻ አለ! የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ይሄ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። ምንም አያስከፍለኝም ነበር። ባሌ መጥቷል፣ ስለቴ ደርሷል፣ እኔ ለራሴ የምለምነው ነገር እንኳ አልነበረኝም። የዚያች እናት ልጅ መንገድ ላይ ነው፣ እኔ የምለምነው ሳይኖረኝ ስሜን አስጠራለሁ!

ለብዙ ጊዜ "ካቶሊክ የሠራችው መሆኑ ቢታወቅ መጋረጃው ይመለስብኛል ብዬ ነው" እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ። ያን ቀን ይህ ሐሳብ በጭንቅላቴ አላለፈም። ከወራት በኋላ ቁጭ ብዬ የፈለሰፍኩት ምክንያት ነው። እውነቱ፣ ያን ቀን እልልታው የኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግኩ። በዲቪ መጥታ አንሶላ የምታጥፍ ሴት መሆኔ ለአንድ ጠዋት እንዲረሳ ፈለግኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ቶማሳ አንሶላውን ሳትይዝ ወደኔ መጣች። "ማቴዎ? ቸርች?" አለችኝ። "የስ፣ የስ። ማቴዎ" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አይደለም። እጄን ይዛ ሳመችኝ። ማታ ደግሞ ቤቲ ራት እየበላች ቀና ብላ "ስሙን አስጠራሽለት?" አለችኝ። "አዎ" አልኩ። ትንሽ አየችኝና ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

ልጁ ድምፁ ጠፋ። ሳምንታት አለፉ። ቶማሳ ጫፍ ለጫፍ ስንገናኝ ፊቷን አየዋለሁ፣ ከሳለች፣ ዓይኗ ከስልኳ አይነቀልም። እኔስ? በሚቀጥለው እሁድ ሄጄ ላስጠራው እችል ነበር። እሁድ እኮ በየሳምንቱ ነው የሚመጣው! ተራ ይዤ "አባ፣ ማቴዎስ የሚባል መንገደኛ አለ" ማለት ነበረብኝ። አንድ እሁድ እትዬ ዘነበች አጠገባቸው ነበሩ፣ ተውኩት። ሌላ እሁድ ረፈደብኝ፣ ተውኩት። ከዚያማ አሁን ማስጠራት ያኔ አለማስጠራቴን ማመን ሆነብኝና ጨርሶ ተውኩት። አዬ እኔ! የማምነውስ ለራሴ ብቻ ነበር እኮ፣ ሌላ ማን ያውቃል ብዬ!

ልጁ ደረሰ። አዎ፣ ደረሰ። ቶማሳ ላውንድሪው ውስጥ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ለሱፐርቫይዘሩም፣ ለሠራተኛውም እኔን እያሳየች "ሄር ቸርች! ሄር ቸርች!" ትላለች። የሷ ቤተ ክርስቲያን ነው ያመጣልኝ ማለቷ ነው። ሁሉም እንደ ቅድስት አዩኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ መጋረጃው በተሰቀለበት ሰሞን፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግብ ሠርታ ታመጣልኛለች። ምነው ብትሰድበኝ! ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትጠረጥረኝ! ያንን ምግብ በላሁት። በየዓመቱ አመስግኜ በላሁት።

ይሄ ሳያንስ ሌላ ጨመርኩ። ልጁ አድጎ ጎረምሳ በሆነ ጊዜ፣ ቤቲም ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ መማር ከጀመረች በኋላ፣ አንድ እሁድ መጋረጃው ገና ሳይወርድ ከቅዳሴ ስንወጣ ቶማሳ ማቴዎን ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማለች። የአገሯን ሸሚዝ ለብሳለች፣ ደረቱ ሙሉ ወፍ ነው። እዚያ ድረስ በባስና በባቡር የመጣችው መጋረጃዋን ለልጇ ልታሳይ ነው። ስታየኝ ፈነደቀች።

እትዬ ዘነበች ከጀርባዬ መጡ። "ማናት?" አሉኝ።

"ድሮ ሥራ ቦታ የማውቃት ናት፣ ጽዳት ትሠራለች" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ የራሴን ኑሮ ያቃናሁት አንሶላ እያጠብኩ!

እትዬ ዘነበች ወደ ሸሚዙ ተጠጉ። ዓይናቸው ለጨርቅ አይተኛም። "ኧረ በስመ አብ፣ ይቺ ወፍ የመጋረጃችን ወፍ አይደለችም እንዴ?" አሉ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። እውነቱ በእግሩ ተራምዶ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሟል፣ እኔ "አዎ፣ ሠሪዋ እሷ ናት" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

"እነሱም ከኛ ኮርጀው ነው" አልኩ።

ሳቁ። እትዬ ዘነበች "የኛ ነገር መቼ የማይወሰድ አለ" አሉ። ቶማሳ የሚባለው ሳይገባት ሰው ሲስቅ አይታ አብራ ሳቀች። ከዚያ ወደ ቤቲ ዞራ በስፓኒሽ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ "ምን እያሉ ነው?" እንዳለቻት ከፊቷ ገባኝ። ቤቲ እኔን አየችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ መለሰችላት። ቶማሳ ፊቷ በራ፣ ልጇን በትከሻው ይዛ ለእትዬ ዘነበች ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ቤቲም እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጆርጂያ አቬኑ ላይ መኪና ውስጥ ቶማሳን ምን እንዳለቻት ቤቲን ጠየቅኳት። መንገዱን እያየች "እናቴ አንቺ እንደሠራሽው እየነገረቻቸው ነው፣ እነሱም እያመሰገኑሽ ነው አልኳት" አለችኝ። ልጄን አስዋሸኋት። እኔ በዋሸሁ ቁጥር እሷ ደግሞ በሌላ ቋንቋ መዋሸት ነበረባት።

ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩም። "ምን ላድርግ ቤቲዬ፣ ዋናው ጸሎቱ ደርሶለታል፣ ልጁም ገባ" አልኳት።

"አይ ዎዝ ዜር፣ ማሚ" አለችኝ።

እዚያ ነበርኩ ማለቷ ነው። ያን የመጀመሪያውን እሁድ ነጠላዋን ለብሳ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ወለተ ሐና ስል ሰምታኛለች። ማታ ራት ላይ "ስሙን አስጠራሽለት?" ያለችኝ እያወቀች ነው፣ እውነቱን እንድነግራት ዕድል እየሰጠችኝ ነው። ገና ልጅ ሆና! እኔ ደግሞ ዓይኗን እያየሁ "አዎ" አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቲ ደህና ነሽ ወይ ትለኛለች፣ ለበዓል ትመጣለች፣ ስጦታ ታመጣለች። ምንም ነገር ግን አትጠይቀኝም።

አንድ ጊዜ ለቶማሳ እውነቱን ልንገራት፣ ተርጉሚልኝ ብዬ ለመንኳት። "ኖ። ራስሽ ተማሪ" አለችኝ። ተናደድኩ፣ ይቺ ባለጌ ብዬ ሰደብኳት። ከዚያ ስማርት ፎኔ ላይ የስፓኒሽ ትምህርት አስጫንኩ። ፖም፣ ውሃ፣ ድመት ያስተምረኛል። ስንት ወር ሙሉ ድመቷ ወተት ትጠጣለች እያልኩ ከረምኩ። እኔ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እሱን የሚያስተምር የለም።

አሁን ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ሕንፃ ገዝታለች። ሆቴሉን ከለቀቅኩ ቆየሁ። ሴቶቹ መጋረጃው አርጅቷል፣ በሚያብረቀርቅ ይቀየር ቢሉ አባ እምቢ አሉ፤ በረከት ያለው ነው ብለው። ጥጉ ከከንፈር ብዛት ሳስቷል። ሴትዮዋ ትታያለች፣ ወፏም ትታያለች፣ የልጁ ቀለም ግን በመሳለም ብዛት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። አንዳንዴ "እንግዲህ ስሙ ባይጠራም ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲስመው ኖሯል፣ እግዜር ይህን አይቆጥርም?" ብዬ ልጽናና እልና ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ያንን ያደረገችው እሷ ናት። ፍቺው ስላት ጨርቁን ደረቷ ላይ ሰብስባ። እኔማ እሱንም ላስፈታው ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ ምን አስለፈለፈሽ ትሉኛላችሁ። ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጮኸ። ቶማሳ ናት። እያለቀሰች ነው። ማቴዎ አሁን ሚስት ያገባ፣ ጣሪያ የሚሠራ ሰው ነው። ወደ ሥራ ሲሄድ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች መንገድ ላይ አስቁመውት፣ ወረቀት ስለሌለው ይዘውታል። ወደ አገሩ ሊልኩት ነው፤ አገሩ የሚባለው ደግሞ አያቱ ከሞተች ወዲህ ማንም የሌለበት ነው። ቶማሳ ጠበቃ ይዛለች፣ ያላትን አድርጋለች። ለኔ የደወለችው ለሌላ ነገር ነው። በዚያ ስብርባሪ እንግሊዝኛችን እንዲህ አለችኝ፤ "ቸርች። ማቴዎ። አጌን።"

አጌን! ሰማችሁ? እንደ ያኔው ጥሪልኝ ማለቷ ነው። ያኔ እንዳዳነው። እኔ "ያኔ አልጠራሁትም" ለማለት ቃሉ ቢኖረኝም አልልም ነበር፤ ልጇ የታሰረባትን ሴት የያዘችውን አንድ ገመድ እንዴት እበጥስባታለሁ? "የስ" አልኳት። ደግሞ "የስ"! ከዚያ ለቤቲ ደወልኩና ነገርኳት። "እሁድ እመጣለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ" አለችኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ነገ አባ "የማንን ስም ልጥራ?" ሲሉኝ ማቴዎስ እላለሁ። "ማነው ማቴዎስ?" ካሉኝ፣ እትዬ ዘነበችም ቆመው እየሰሙ ቢሆን፣ "ይህን ሁሉ ዓመት መጋረጃው ጥግ ላይ የምትሳለሙት ልጅ ነው፤ እጁን የያዘችው እናቱ ናት፣ የሠራችውም እሷ ናት፣ ደብረ ማርቆስም አክስት የለኝም" እላለሁ። ቀጥሎ "ሌላስ?" ካሉኝ የቀረውን እናገራለሁ። ለራሴ ይቅርታ አልለምንም፤ ያኔም ለራሴ ለምኜ ነው እዚህ የደረስኩት።

እላለሁ እያልኩ ነው እንግዲህ። ያኔም እኮ አስጠራለሁ ብዬ ነበር፣ ያውም አማትቤ፣ ያውም በእመቤቴ ምዬ። ስለዚህ እኔን አትመኑኝ። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ቤት ብትጸልዩ፣ ነገን ሳትጠብቁ እናንተው ጥሩልኝ። ወለተ ሐናን ተዉአት። ማቴዎስ በሉ።